ዚሩና ራውተሩ

ስለ ኢንተርኔት ሲወራ እስካሁን ድረስ ደሜ ይፈላል። ጎንደር ወዳጆቼ ጋ በሄድኩ ቁጥር «ቤቱ ሆኖ ለሚሠራ ሰው በገመድ የሚገባው ይሻላል ወይስ ዋየርለሱ?» ብሎ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። መተማ ቁጭ ብላ በኢንተርኔት እንጀራዋን የበላች ሴት ናት ተብሎ እንደ ባለሙያ እቆጠራለሁ። ባለሙያ! ምን አባቱ ባለሙያ ነው፤ ገመዱም ዋየርለሱም በየተራ እርር ድብን አድርገውኛል። ጠያቂዎቼ አጭር መልስ ይፈልጋሉ። አጭር መልስ የለኝም።

ነገሩን ከሥሩ ልናገረው። እናቴ መተማ ዮሐንስ ብቻዋን ነበር የምትኖረው። አባቴ በወጣትነቱ ከደጋ ወርዶ፣ ጫካ መንጥሮ፣ ሰሊጥና ማሽላ ሲዘራ ኖሮ እዚያው ተቀብሯል። ከእኔ ሌላ ልጅ የላቸውም። እኔ አዲስ አበባ፣ ባቄላና ቅመም ለሱዳን ነጋዴዎች በሚሸጥ አንድ መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ ነበርኩ። ዐረብኛውን ትምህርት ቤት አልተማርኩትም፤ ልጅ ሆኜ የድንበሩን ድልድይ እየተሻገርኩ ሱዳን፣ ጋላባት ስላክ ነው የለቀምኩት። ሥራዬ በሁለት ሰዎች መካከል ተቀምጦ የዚህን ለዚያ፣ የዚያን ለዚህ ማድረስ ነው። መሃል ላይ ድምፅ ከጠፋ ሁለቱም ተናደው ይነሳሉ፤ የሚቆጡት ደግሞ እኔን ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን እናቴን ስትሮክ መታት። ግራ እጅና እግሯ አልታዘዝ አላት። አዲስ አበባ ልወስዳት ከንፌ መጣሁ፤ ችክ አለች። «ንቅንቅ አልልም» አለች። «አባትሽ እዚህ ተኝቶ እኔን የት ልታደርሺኝ ነው? ፎቅ ላይ ሰቅለሽ ልትገድይኝ ነው?» ለመንኳት። አለቀስኩ። ጮህኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ። ግማሽ አካሏ ሄዶም ግትርነቷ ሙሉ ነው።

በመጨረሻ ሥራ አስኪያጄ ጋ ደወልኩ። «እዚሁ ሆኜ ልሥራ፤ እናንተም ነጋዴዎቹም በኢንተርኔት ደውሉ፣ እኔ መሃል እገባለሁ» አልኩት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሺ አለኝ። ግን አንድ ነገር ጨመረ። «መስመርሽ የሚቆራረጥ ከሆነ ወይ ትመጫለሽ፣ ወይ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ። ነጋዴው እኔን አይጠብቀኝም።» እንግዲህ ነገሩ እንደዚህ ነበር፦ መስመሩ ከጸና ከእናቴ ጋ እኖራለሁ፤ ከተቆረጠ ግን ወይ እናቴን ወይ እንጀራዬን እተዋለሁ።

መጀመሪያ ያለ ገመዱን መረጥኩ፤ ማን ይለፋል ብዬ። ኮምፒውተር ጎን ላይ የምትሰካ፣ ጣት የምታህል ዶንግል ገዛሁ። ሻጩ «ሰክቶ መሥራት ብቻ ነው» አለኝ። እግዜር ይይለት! ሰክቼ የሠራሁት ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር። ረፈድፈድ ሲል ከተማው ሁሉ ስልኩን ያወጣና የእኔ ነገር ይሞታል። ከጣሪያ በላይ ቢወጣ ይስባል ሲሉኝ በረዥም ሽቦ ቀጥዬ፣ ቀርከሃ ጫፍ ላይ አስሬ አወጣሁት። የመተማ ፀሐይ አቅልጦ አወረደልኝ። 

ሌላ ገዛሁና ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩት። አሁን ደግሞ ጉድ ስሙ። ስልኬ ጢን ይላል፤ ሳነበው «እንኳን ወደ ሱዳን በደህና መጡ» ይላል። ኧረ እኔ ቤቴ ነኝ! አልጋዬ ላይ ነኝ! የሱዳኑ አንቴና ቅርብ ስለሆነ ስልኩም ዶንግሉም ሳያስፈቅዱኝ ይሻገራሉ፤ ያኔ ኢንተርኔቱ ጭጭ ይላል። ሰው ኬላው ላይ ቦርሳው እስከ ታች ይፈተሻል፣ መኪናው ቀኑን ሙሉ ወረፋ ይይዛል፤ የእኔ ዶንግል ግን እንደፈለገ ጋላባት ደርሶ ይመለሳል። 

አንድ ቀን ገዳሪፍ ያለ አንድ የሱዳን ነጋዴ ባቄላው ነቀዝ አለበት ብሎ እየተቆጣ ሳለ፣ ቁጣውን ግማሽ መንገድ አድርሼ ዶንግሉ ተሻገረብኝ። ተመልሼ ስገባ ሥራ አስኪያጁ «የት ሄድሽ?» አለኝ።

«ሱዳን» አልኩት።

አልሳቀም። «ገመድ አስገቢ» ብሎ ዘጋው።

የገመዱ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። አባቴ በሕይወቱ ሳለ ያስገባው የቤት ስልክ ነበረን። ምሰሶው በራችን ላይ ቆሟል፤ ሽቦው ግን የለም፤ ሰሊጥ ከልክ በላይ ከምሮ የጫነ መኪና በጥሶት አልፏል። ስልክ ቤት ሄጄ ይቀጠልልኝ ብል መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል «ነገ ነይ» አለኝ። ስመለስ «ባለሙያው መስክ ወጥቷል»። ስመለስ «ሽቦ አልቋል»። ስመለስ «ሽቦው መጥቷል፣ መሰላል የለም»። በዚያ ሙቀት! እናቴን ለጎረቤት አደራ ብዬ፣ ባጃጅ ውስጥ ላቤ እየተንጠፈጠፈ! አንድ ቀን ቆሽቴ አረረና «መሰላል እኔ ቤት አለ፤ ተሸክሜ ላምጣልህ?» ብዬ ጮህኩበት። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ የሚገርመው ባለሙያው በማግስቱ መጣ። በእኛው መሰላል ነው የወጣው።

ባለሙያው ወጣት ነው፤ ጨዋ ልጅ። ሽቦው የሚገባው በፊት ለፊቱ ክፍል ነበር፤ እናቴ አንግሬብ በምንለው የገመድ አልጋ ላይ የምትተኛበት፣ በሩ ወደ መንገዱ የሚከፈት ክፍል። የእኔ መሥሪያ ከኋላ ነው። እናቴ ጋ ወጪ ወራጁ ስለማይቋረጥ እዚያ ሆኖ ማስተርጎም የማይታሰብ ነው፤ የጎረቤት ዶሮ ሳይቀር ገብቶ ይናገራል። ልጁ ራውተሩን ከእናቴ ራስጌ ግድግዳ ላይ በሚስማር መታና «ከዚህ እስከ ኮምፒውተርሽ በገመድ ላድርግልሽ ወይስ በዋይፋይ?» አለኝ።

«የትኛው ይሻላል?»

«ለጥሪ ገመድ ይሻላል። ግን ረጅም ገመድ አልያዝኩም፤ ነገ…»

«ነገ» የምትለውን ቃል ስሰማ አናቴ ዞረ። «በዋይፋይ አድርገው!» አልኩት።

«እሺ፤ የይለፍ ቃል ስጡኝ፣ የማትረሱት ይሁን» አለ።

አፌን ሳልከፍት እናቴ ካልጋዋ ላይ «ዳለቻ በለው» አለች። ዳለቻ አባቴ እንደ ልጅ ይወደው የነበረ በሬያችን ነው፤ ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው።

«እማማ፣ አጭር ነው፤ አይቀበልም» አላት ባለሙያው።

«እንግዲያ ሁለቴ ጥራው። ድሮም ካልደገሙለት አይሰማም ነበር።»

ልጁ እየሳቀ የበሬያችንን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሁለቴ አስገባው። ኢንተርኔታችን «ዳለቻ ዳለቻ» ተብሎ ተከፈተ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አልክድም፣ ደስ አለኝ። ጥሪ በሌለኝ ሰዓት ላፕቶፔን ይዤ እናቴ እግር ሥር ቁጭ እላለሁ፤ ደብዳቤ እየተረጎምኩ በየመሃሉ አገላብጣታለሁ። በአንድ ጎኗ ብቻ ከዋለች ገላዋ ይቆስላል ብላ ነርሷ አጥብቃ አስጠንቅቃኛለች። ጥሪ ሲመጣ ኋላ ክፍሌ እገባለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ ማዳመጫዬን አጠልቃለሁ። እናቴ በዚያ ሰዓት አንድም ቀን ጠርታኝ አታውቅም። ጥሪው የፈለገውን ያህል ቢረዝም ስወጣ ውሃዋን ጠጥታ፣ የተኛችበትን ጎን ቀይራ፣ ፊቷ ፈካ ብሎ አገኛታለሁ። እየተሻላት ነው ብዬ ለነርሷ ሁሉ አወራሁ።

ከዚያ መስመሩ ይታመም ጀመር። ጠዋት ደህና ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ጥሪ በሚበዛበት ሰዓት፣ ድምፁ ይንተባተባል፣ ይቆማል፣ ይጠፋል። ነጋዴው «አሎ፣ አሎ» ይላል፤ ሥራ አስኪያጁ «አለሽ?» ይላል፤ እኔ አለሁ እያልኩ የሚሰማኝ የለም። ስልክ ቤት ሄጄ ያን የመስኮት ሰውዬ ልክ ልኩን ነገርኩት። ምን ያልኩት አለ! «የምትሸጡልን ኢንተርኔት ነው ወይስ ምች?» አልኩት። ምስኪን፣ ያን ቀን ጥፋት አልነበረበትም። ሥራ አስኪያጁም በዚያው ሳምንት ደወለ። «አሁን በግልጽ ልንገርሽ፤ የሰሊጥ ወቅት እየመጣ ነው፣ ትልልቆቹ ገዢዎቻችን ሁሉ ገንዘብ እጃቸው የሚገባውና የሚደራደሩት ያኔ ነው። እስከዚያ ካልተስተካከለ እኔም አዝናለሁ» አለኝ። 

ባለሙያው እንደገና መጣ። እናቴ ራስጌ ቆሞ ላፕቶፔን ሲነካካ ቆየና ቀና ብሎ አየኝ።

«ስንት ሰው ነው እዚህ ቤት የሚኖረው?»

«እኔና እናቴ።»

«እና ዋይፋዩ ላይ የገባው ይሄ ሁሉ ስልክ የማን ነው? የሰርግ ቤት ይመስላል እኮ!»

እናቴን አየኋት። ጣሪያውን ታያለች። ያኔ ገባኝ፤ ወደ በሩ ወጣሁ።

በራችን ላይ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ከሥሩ ዚር የምንለው የውሃ ሸክላ ተቀምጧል፤ ኩባያው በሲባጎ ታስሮ ይንጠለጠላል። በእኛ አገር በሩ ላይ ጥላ ያለው ሰው ዚር ያስቀምጣል። መንገደኛ ሳይጠይቅ ቀድቶ ጠጥቶ፣ አረፍ ብሎ ይሄዳል፤ የቤቱን ባለቤት ስም ሳያውቅ። እናቴ ከታመመች ወዲያ የምሞላው እኔ ነበርኩ። ዙሪያውን ጫኝና አውራጆች፣ ለሰሊጥ ሥራ ከደጋ የወረዱ ሳሉግ የምንላቸው የወቅት ሠራተኞች ይቀመጣሉ። ሁሌም ስለሚቀመጡ አላያቸውም ነበር። ያን ቀን አየኋቸው። ሁሉም ስልኩን ፊቱ ላይ ደቅኗል። አንዱ ሚስቱን በምስል ያነጋግራል። አንዱ ሕፃን ልጁን «አባባ በይ፣ አባባ በይ» ይላል። አንዱ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ኳስ ያያል!

«ማነው የይለፍ ቃሉን የነገራችሁ?» አልኩ።

ተያዩ። ከመካከላቸው ጢሙ የሸበተ አንድ ጎጃሜ ሰውዬ ተነስተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እማማ ናቸው፣ ልጄ። ዳለቻ ዳለቻ ብላችሁ ግቡ አሉን።»

ተመልሼ ገባሁ። እግሬ መሬት ይርገጥ አይርገጥ አላውቅም።

«እማዬ! ኢንተርኔቴን ለመንገደኛ አደልሽው?»

«አዎ» አለች። እንዲህ ናት፤ አትክድም፣ አታፍርም።

«ለምን?»

«በር ላይ ያለ ነገር ነዋ። ውሃውን እየሰጠሁ ይሄን ልከልክል? ላገር የተዘረጋ ነገር ነው ብዬ።»

«ይሄ ውሃ አይደለም! እነሱ ሲጠጡት ከእኔ ይጎድላል!»

«ውሃስ አይጎድልም? ሲጎድል ትሞዪው የለም እንዴ?»

«ይሄ አይሞላም እማዬ! አይሞላም!» ባለሙያው የሚገባበት ጠፍቶት ሽቦውን ይጠቀልላል። «ስሚኝ፤ ይሄ መስመር አንዴ ከተቆረጠ ሥራዬ አበቃ። አዲስ አበባ መሄዴ ነው። ጥዬሽ ነው የምሄደው፣ ገባሽ?»

ቀስ ብላ፣ «ሰዎቹ ይጠቅሙናል» አለች።

«ምን ይጠቅሙናል? ውሃሽን ጠጥተው ኳስ ከማየት ሌላ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ባለሙያው በሹክሹክታ «ቃሉን ብቻ ልቀይረው?» አለኝ። «ለእሷ? ማታውኑ አውጥታ ትሰጠዋለች! ዋይፋዩን ድራሹን አጥፋልኝ፤ በገመድ አድርግልኝ!» አልኩት። አጠፋው። «በኋላ ከፈለግሽ ከጀርባው ያለችውን ቁልፍ መጫን ነው» ብሎ አሳየኝ። «አልፈልግም» አልኩት፤ ውጭ ድረስ እንዲሰማ አድርጌ።

ገመዱን በሚኒባስ ሹፌር ከጎንደር አስመጣሁ። ሰማያዊ ነው። ከእናቴ ራስጌ ተነስቶ፣ በግድግዳው ጥግ ጥግ አልፎ፣ በበሩ ሥር ሾልኮ የእኔ ኮምፒውተር ላይ ገባ። ምን ልበላችሁ፣ ሠራ! ድምፁ ጥርት አለ። ነጋዴው ገዳሪፍ ሆኖ ሲተነፍስ እሰማዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ «ይሄን ነበር የምፈልገው» አለ። አሸነፍኩ ብዬ አሰብኩ፤ አሸንፌም ነበር። 

ግን ላፕቶፑ ከገመዱ ጋ ስለታሰረ እኔም ኋላ ክፍል ታሰርኩ። እናቴ እግር ሥር መቀመጥ ቀረ፤ እየተነሳሁ ብቅ እላለሁ፣ አገላብጣታለሁ፣ እመለሳለሁ። እሷ አኩርፋለች። ስመግባት ትበላለች፣ ስጠይቃት «ደህና ነኝ» ትላለች፣ ከዚያ በላይ ቃል የለም። የኒሙ ሥር ሰዎች ጥቂት ቀን መጡ። ስልካቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ፤ ዛፉን ዞሩት። ከዚያ መንገዱን ተሻግረው፣ የስልክ ኔትዎርክ ይስባል የተባለ ሌላ ጥላ ሥር ሰፈሩ። ይሂዱ! ምን አገባኝ አልኩ። ዚሩ ሞልቶ መዋል ጀመረ። እናቴ ክፍት በሩን እያየች «ውሃው እንኳ ጠጪ አጣ» አለች። ለእኔ አልነበረም የምትናገረው።

የወቅቱ ትልቁ ድርድር ቀን መጣ። ብዙ ገዢዎች በአንድ ጥሪ፤ ሁሉም ባንድ ላይ የሚናገሩ፣ ሁሉም የሚቆጡ። እናቴን አበላኋት፣ አጠጣኋት፣ አገላበጥኳት። «ዛሬ ይረዝማል፤ የሚያስፈልግሽ ነገር አለ?» አልኳት። «ሂጂ ሥሪ» አለችኝ። ገባሁ፣ ዘጋሁ፣ ማዳመጫዬን አጠለቅሁ፣ ሙቀቱ ሊገድለኝ ስለነበር ፋኑን በሙሉ ኃይሉ ለቀቅሁት። እንደዚያ ቀን ሠርቼ አላውቅም። አንዲት ቃል አልወደቀችም። ምሳ ሰዓት አለፈ፣ ጥላ ዞረ፣ እነሱ ተሰዳደቡ፣ ታረቁ፣ ተስማሙ። ሥራ አስኪያጁ ሲሰናበተኝ «እንግዲህ እዚያው ኑሪ፤ ማንም አያነሳሽም» አለኝ። 

እየዘፈንኩ ነበር ከክፍሌ የወጣሁት።

እናቴ መሬት ላይ ነበረች። ባልጋውና በበሩ መካከል፣ በታመመ ጎኗ ላይ ወድቃ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ደህና እጇ አፈሩን ቧጥጦታል። ዐይኗን ከፈተችና አየችኝ።

«ተቆረጠብሽ እንዴ?» አለች። «ጥሪሽ?»

«አልተቆረጠም» አልኩ።

«እንኳን» አለች።

ከዚያ ጮህኩባት። የወደቀች እናቴ ላይ ቆሜ ጮህኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ? «ለምን አልጠራሽኝም? ለምን?» እሷም «ጠራሁሽ፤ አልሰማሽም። ከዚያ ሥራ ላይ ናት ብዬ ተውኩት።» ተውኩት ትላለች! ላነሳት ብታገል አልቻልኩም፤ ግማሽ አካሏ ይከብዳል፣ ላባችን ያዳልጣል። ወደ በሩ ሮጥኩ። ከኒሙ ሥር አንድ ሰው የለም። ዚሩ አፉ ድረስ ሙሉ ነው። «የሰው ያለህ!» ብዬ ጮህኩ።

ከመንገዱ ማዶ እኚያ ሽበታም ጎጃሜ ቀድመው ደረሱ፤ ከኋላቸው ሌላ ሰው። ምን ሆነ ብለው አልጠየቁኝም። ሰውዬው በብብቷ፣ ሌላው በጉልበቷ ሥር ገቡ፤ አንሥተው አንግሬቡ ላይ አሳረፏት፤ በደህና ጎኗ አዞሯት። ከዚያ ሽበታሙ ሰውዬ ጎንበስ ብለው፣ ራስጌዋ ካለው የልብስ ሳጥን ጀርባ ትንሿን ትራስ አውጥተው በጉልበቶቿ መሃል አስገቡ። ያችን ትራስ እዚያ የማኖራት እኔ ነኝ። የት እንዳለች ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ ብዬ አስቤ አላውቅም።

«እርስዎ ይሄን ከየት አወቁ?» አልኩ።

ሰውዬው እናቴን አዩ። እናቴ ጣሪያውን አየች።

«ጥሪ ላይ ስትሆኚ እኛ አይደለን የምናገላብጣቸው፣ ልጄ» አሉ። «ይጣሩና ሁለት ሁለት እየሆንን እንገባለን። ውሃም እናጠጣለን። እሳቸውም ‹ቀስ በሉ፣ ልጄ እንዳትሰማ፣ ሥራዋ ይቆማል› ይሉናል። ኋላ ዋይፋዩ ሲዘጋ ያስቀየምናችሁ መስሎን ራቅን።»

እየተሻላት ነው ያልኩት ይሄ ነበር። ጎኗን ቀይራ፣ ውሃዋን ጠጥታ፣ ፊቷ ፈክቶ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኩ።

«ብነግርሽ ሥራሽን ትተሽ እላዬ ላይ ትቀመጫለሽ። ወይ ጭነሽ ትወስጂኛለሽ። አውቅሻለሁ።» ሰውዬው ውሃ አመጡላትና ጠጣች። «ሰው ደግሞ እንዲሁ አይደክምም። እኔ ምን አለኝ? ያለኝን ሰጠኋቸው።»

«የእኔን ነው የሰጠሽው!»

«ያንቺና የእኔ መቼ ተለየ?» አለች፤ ቆጣ ብላ። ከስንት ቀን በኋላ ተቆጣችኝ። 

ያኔ እንዴት እንደተናደድኩ ልነግራችሁ አልችልም። በእሷ ተናደድኩ፤ በዚህ ሁሉ ብልጠቷ። በሥራ አስኪያጁ ተናደድኩ፣ በዶንግሉ፣ በመስኮቱ ሰውዬ፣ በሰማያዊው ገመድ። ጠያቂዎቼ የትኛው ይሻላል ሲሉኝ እነዚህ ሁሉ ናቸው ፊቴ ላይ የሚመጡት። ገመዱን አልነቀልኩትም፤ ሥራዬ ያለው በሱ ላይ ነው። በርጩማ አምጥቼ እናቴ ራስጌ ወጣሁና ከራውተሩ ጀርባ ያለችውን ቁልፍ በአውራ ጣቴ ተጫንኳት። መብራቷ ብልጭ ብልጭ አለች።

«ለሰዎቹ ይንገሩልኝ» አልኳቸው ለሽማግሌው። «ጥሪ ላይ ስሆን በሩ ላይ ነጠላዬን እሰቅላለሁ። ነጠላው ተሰቅሎ ሳለ ስልኩን ያልዘጋ፣ ኳስ የሚያይ ሰው ካገኘሁ አንገቱን ነው የማንቀው! እናቴን ግን ታገላብጣላችሁ።»

«እሺ፣ ልጄ» አሉ። «ግን እነሱ ማዶ ናቸው፤ እንደተከፈተ በምን ያውቃሉ?»

በሩ ላይ ወጣሁ። ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች ወደ ኬላው ተሰልፈው ቆመዋል፤ ማዶ ጥላው ሥር የተቀመጡት ጀርባቸውን ሰጥተውናል። ንዴቴ አልወጣልኝም ነበር፤ እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ አባቴ ከእርሻ ዳር እንደሚጣራው፣ «ዳለቻ!» አልኩ። የመኪና ሹፌሮች ዞረው አዩኝ። ከማዶ የዞረ አልነበረም።

እናቴ ከውስጥ፣ ካልጋዋ ላይ፣ በደረቀ ጉሮሮዋ ጮኸች። «ድገሚው እንጂ! ካልደገሙለት አይሰማም!»

ደገምኩት።